«ጨዋ ልጅ እግሯ ተሰብሮ ቤቷ!» ሰርቫንቴስ የምሩን ነው ወይስ እያላገጠ?

ጠይም_ብዕር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የስፔናዊውን ደራሲ የሰርቫንቴስን ዶን ኪሆቴን ጨረስኩ! ሁለቱንም ክፍል። ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረው። የማታ ፈረቃ ላይ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል አንድ ሁለት ገጽ እያልኩ ነው። እንኳን ደስ አለሽ በሉኝና ወደ ጥያቄዬ ልግባ።

በ1615 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላም ሁሉንም እንዲያ ያዙልኝ) የወጣው ሁለተኛው ክፍል ምዕራፍ 49 ላይ አንድ ታሪክ አለ። ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። የዶን ኪሆቴ አሽከር ሳንቾ ፓንሳ በቀልድ «ደሴት» ተሰጥቶት ገዥ ሆኗል። ሌሊት ከሹማምንቱ ጋር ከተማውን ሲዞር የወንድ ልብስ የለበሰች ልጅ ይዘው ያመጡለታል። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፀጉሯ በወርቅና በአረንጓዴ ሐር መረብ ተሰብስቧል። ሌባ አይደለችም። ከወንድ ጋር ልትጠፋም አይደለም። እናቷ ከሞተች 10 ዓመት ሆኗል፤ አባቷ በነዚያ 10 ዓመታት ከቤት አስወጥቷት አያውቅም። ቅዳሴ እንኳ እቤት ነው የሚቀደስላት። ቀን ፀሐይ፣ ማታ ጨረቃና ከዋክብት፤ ያየችው ይኼን ብቻ ነው። መንገድ ምን እንደሚመስል አታውቅም። አደባባይ አታውቅም። ስለዚህ የወንድሟን ልብስ ለበሰች፣ ወንድሟን የሷን አለበሰችው፣ ከተማውን ሊያዩ ወጡ። በቃ። ጥፋቷ ይኸው ነው።

ሮንድ ሲመጣባቸው ወንድሟ «ሩጪ!» ብሎ በረረ። እሷ ስድስት እርምጃ እንኳ ሳትሄድ ወደቀች።

ሳንቾ ደግ ሰው ነው፤ አባቷ ሳይሰማ ቤቷ ያደርሳታል። ከማድረሱ በፊት ግን ምን ይላታል? «ጨዋ ልጅ እግሯ ተሰብሮ ቤቷ። ሴትና ዶሮ በዞሩ ቁጥር ይጠፋሉ። ማየት የምትሻ መታየትም ትሻለች።»

እህህ! ቅድም በስድስት እርምጃ የወደቀችውን ልጅ እኮ ነው። ያው ደራሲ ደግሞ በመጀመሪያው ክፍል ማርሴላን የመሰለች ሴት ጽፏል። ታዲያ ሰውዬው የቱ ጋ ነው ያለው?

ሽሙጥ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

እንኳን ደስ አለሽ። እኔ የነፋስ ወፍጮዎቹ ጋ ነው የቆምኩት፣ ምዕራፍ 8። ከዚያ አልፌአለሁ የሚል ሰው ሁሉ ይዋሻል ብዬ ነበር የማምነው።

ለመሆኑ ሳንቾ ራሱ ሚስቱንና ልጁን ጥሎ ዓለም ሊዞር የወጣ ሰው አይደል እንዴ? የማን እግር ነበር መሰበር የነበረበት?

አሮጌ_መምህር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡45

ልጄ ጠይም ብዕር፣ እንኳን ደስ ያለሽ። መጽሐፍ መጨረስ ቀላል ነገር አይደለም።

ተረቱን ሰርቫንቴስ አልፈጠረውም። በስፔን ሰው አፍ የነበረ ነው። ሰውየውን ከመክሰሳችን በፊት ዘመኑ ስለ ጭምት ሴት ምን ይል እንደነበር እንይ። ሁለት መጻሕፍት ብቻ ልጥቀስ።

አንደኛው የሁዋን ሉዊስ ቪቬስ ነው፤ በ1524 በላቲን ወጣ፤ ስለ ክርስቲያን ሴት አስተዳደግ ይናገራል። ቪቬስ የቫሌንሲያ ሰው ነው፤ የኖረው ግን ብሩዥ ነው። መጽሐፉን ያበረከተው ለእንግሊዝዋ ንግሥት ለካታሊና ዘአራጎን ነው፤ ልጇ ማርያም እንድትማርበት። ሴት ልጅ ፊደል ትቁጠር፣ ትማር ባይ ነው። ለዘመኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የትምህርቱ ሁሉ መድረሻ ንጽሕና ነው። የፈረሰኞች የፍቅር ታሪክ እንዳታነብ፣ ከአደባባይ እንድትርቅ፣ ንግግሯ እንዲያንስ። (በዚያው በ1524 የቪቬስን አባት ኢንኩዊዚሲዮን የሚባለው የቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት ችሎት ቫሌንሲያ ላይ በእሳት አቃጠለው። ይሁዲነትህን በምስጢር ይዘሃል ተብሎ። ከጉዳያችን ውጭ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ቤት የወጣ ሰው ስለ መደበቅና ስለ መጠንቀቅ ሲጽፍ ልቤ ይነካል።)

ሁለተኛው የፍራይ ሉዊስ ዴ ሌዮን «ፍጹሟ ባለትዳር» ነው፤ 1583። የሳላማንካ መምህር፣ የአውጉስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ፣ ትልቅ ባለቅኔ። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር የምሳሌ 31 ትርጓሜ ነው። እኛም «ልባም ሴትን ማን ሊያገኛት ይችላል?» እያልን ያደግንበት ነው። እሱ ዘንድ ጭምት ሴት ሥራ ፈት አይደለችም። ሌሊት ትነሣለች፣ ትፈትላለች፣ ቤት ታስተዳድራለች። የሚገስጸው ፊቷን ስትቀባባ የምትውለዋን የባለጠጋ ሚስት ነው። ስለዚህ በዛሬ ሚዛን ብቻ አንመዝነው እላለሁ።

ጠይም_ብዕር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

መምህር፣ ስለ መልስዎ በጣም አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ልከራከርዎት ፍቀዱልኝ።

እዚያው ምሳሌ 31 ላይ ያለችው ሴት እርሻ ተመልክታ ትገዛለች። ወይን ትተክላለች። የሠራችውን ለነጋዴ ትሸጣለች። እና «አፏን በጥበብ ትከፍታለች» ይላል ቃሉ። ትከፍታለች!

ፍራይ ሉዊስ እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ ምን አደረገ? ጠዋት ሄጄ አየሁት። ስለ ዝምታ ሰበከ። ሴቶች ሁሉ ዝምታን ጌጥ ያድርጉ አለ። ፊዲያስ የሚባለው የግሪክ ቀራጺ ቬኑስን ኤሊ ላይ አቁሞ መቅረጹን ያነሳና፣ ኤሊ ለምን? ዲዳ ናት፣ ከቅርፊቷም አትወጣም ይላል። ወንድ ለአደባባይ፣ ሴት ለጓዳ ተፈጠሩ። ለወንድ መናገርና መታየት፣ ለሴት መዘጋትና መሸፈን።

«ትከፍታለች» የሚለውን ይዞ «ትዝጋ» ላይ መድረስ፣ መምህር፣ ይኼ ትርጓሜ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ሽሙጥ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡24

ኤሊዋን እኔ እደግፋታለሁ። ቤቷን ተሸክማ የፈለገችበት ትሄዳለች። መነኩሴው አላየውም እንጂ።

ቲያትረኛ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

እኔ የመጣሁት ከመድረኩ በኩል ነው፤ ስለዚህ ስብከቱን ትቼ ሰው ከፍሎ ሲያይ ስለነበረው ነገር ላውራ።

መጀመሪያ የዚያን ዘመን የስፔን ቲያትር አዳራሽ ልሳልላችሁ። አዳራሽ ስል ጣሪያ የሌለው ግቢ ማለቴ ነው፤ ዙሪያውን ቤት ከቦታል። መሬቱ ላይ ወንዶች ቆመው ያያሉ። ሴቶች ከኋላ ከፍ ያለ ለብቻቸው የታጠረ ቦታ አላቸው። በሩም ለብቻው። ስሙ ማን ነው? «ካሱዌላ»። ድስት ማለት ነው! እንደ ወጥ ታጭቀው ስለሚቀመጡ። ቦታ ሲጠፋ ደግሞ ሴቶቹን ገፋ ገፋ አድርጎ የሚያጨናንቅ ሠራተኛ ነበረ። ጭምትነት ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ለብቻ ድስት።

ከዚህ ድስት ውስጥ ሆነው የሚያዩት ግን ሌላ ነገር ነው። ከ1587 ጀምሮ ሴት ተዋናዮች መድረክ ላይ እንዲወጡ ፈቃድ ወጥቶ ነበር። እና ሕዝቡ በጣም የሚወደው ምን ነበር? ሴት ወንድ ሆና ስትለብስ። የቲርሶ ዴ ሞሊና «ባለ አረንጓዴ ሱሪው ዶን ሂል» ላይ ሁዋና የከዳትን እጮኛዋን ለማሳደድ ሱሪ ታጥቃ ማድሪድ ትገባለች። ባለሥልጣናቱ የወንድ ልብሱን ደጋግመው ከለከሉ። ደጋግመው መከልከላቸው የሚሰማቸው እንዳልነበረ ይነግረናል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ጸሐፌ ተውኔቱ ካልዴሮን፣ «መንፈሷ እመቤት»፣ 1629። ዶኛ አንኸላ ወጣት መበለት ናት። ባሏ ዕዳ ጥሎ ሞቷል። ሁለት ወንድሞቿ ለክብራቸው ሲሉ ማድሪድ ቤታቸው ውስጥ ዘግተው አስቀምጠዋታል። መኖሯን ሰው እንዲያውቅ እንኳ አይፈልጉም። በቁሜ በሁለት ግድግዳ መሃል ተቀበርኩ ትላለች። ግን ተከናንባ ሾልካ ትወጣለች። እና ማን ይከተላታል መሰላችሁ? የገዛ ወንድሟ! መንገድ ላይ ያያትን የተከናነበች ሴት ማን እንደሆነች ሊያውቅ እየተከተለ ሲለክፋት እህቱ ናት። ቤት ውስጥ የእህቱን ጭምትነት በቁልፍ ይጠብቃል፤ መንገድ ላይ የሌላ ሰው እህት መስላው ያሳድዳታል። እስኪ ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ቤታቸው ውስጥ ደግሞ እንግዳው ወዳለበት ክፍል የሚያስገባ በር አለ፤ ወንድሞቿ በሩን ለመደበቅ የብርጭቆ ዕቃ የተደረደረበት ቁም ሳጥን ገጥመውበታል። የምትሾልከው በዚያ ነው። የቤቱ ክብር በብርጭቆ መደርደሪያ ነው የተጠበቀው። ድርሰት ማለት ይህ ነው!

ስለ መከናነቡ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሴቶች መጎናጸፊያቸውን እስከ ፊታቸው አምጥተው አንድ ዓይን ብቻ እያሳዩ ይሄዱ ነበር። «ታፓዳ» ይሏቸዋል። ሸፋፈን ማለት ጭምትነት አይደል? ግን ማንነቷ ካልታወቀ የፈለገችበት ትሄዳለች፣ ያሻትን ታነጋግራለች። ስለዚህ በ1590 መንግሥት ከለከለው። በ1639 እንደገና ከለከለው። መጀመሪያ «ተሸፈኑ»፣ ቀጥሎ «ኧረ ግለጡት»።

እመ_ሁለት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ልጆቼ ተኝተው ነው የማነብባችሁ። በጣም ደስ ይላል። ግን እስኪ ለማናውቀውም አስረዱን፤ ማርሴላ ማን ናት?

ጠይም_ብዕር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

እሜትዬ፣ ይኼን መጠየቅሽ ደስ አለኝ!

የመጀመሪያው ክፍል (1605) ምዕራፍ 12 እስከ 14 ነው። ማርሴላ ወላጆቿ የሞቱባት ሀብታም ልጅ ናት፤ ቄስ አጎቷ ነው ያሳደጋት። በጣም ቆንጆ ናት። ጠያቂ በዛ። እሷ ግን አላገባም ብላ እረኛ ሆና ተራራ ወጣች። ወንዶቹም ተከትለው እረኛ ሆኑ። ከነሱ አንዱ፣ ተማሪው ግሪሶስቶሞ፣ በፍቅሯ ሞተ። ቀብሩ ላይ ጓደኞቹ ሰብሰብ ብለው «ይቺ ጨካኝ፣ ይቺ ገዳይ» እያሉ ግጥሙን ያነባሉ። ያኔ ከመቃብሩ በላይ ካለው ቋጥኝ አናት ላይ ብቅ ትላለች። አላለቀሰችም። ይቅርታም አልጠየቀች።

ምን አለች? ቆንጆ ስለሆንኩ ወደዳችሁኝ ትላላችሁ፤ የተወደደ ሁሉ መልሶ መውደድ አለበት ያለው ማነው? ውበቴን መርጬ አላመጣሁትም። እባብ በመርዟ እንደማትወቀስ እኔም በመልኬ አልወቀስም። ለማንም ተስፋ አልሰጠሁም። የገደለው የኔ ጭካኔ ሳይሆን የሱ ግትርነት ነው። እና ያቺ የምወዳት ዐረፍተ ነገር፦ «ነፃ ሆኜ ተወለድኩ፤ ነፃ ሆኜ እንድኖርም የሜዳውን ብቸኝነት መረጥኩ።» ከዚያ መልስ ሳትጠብቅ ጀርባዋን ሰጥታ ጫካ ገባች።

ሊከተሏት የተነሱ ነበሩ። ዶን ኪሆቴ ጎራዴው እጀታ ላይ እጁን አደረገና ማንም እንዳይከተላት አለ። በመጽሐፉ ሁሉ ውስጥ ሰውዬው ያላበደባት አንዲት ደቂቃ ያቺ ትመስለኛለች።

አሮጌ_መምህር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡10

መልካም ተርከሽዋል። ግን ልብ በይ፤ ማርሴላ ጭምትነትን አልጣለችም። ተደገፈችበት እንጂ። በስፔንኛው «ኦኔስቲዳድ» ትለዋለች፤ ጨዋነትም፣ ንጽሕናም፣ ቁጥብነትም በአንድ ላይ ነው። ሥጋንም ነፍስንም ከሚያስጌጡት አንዱ ይህ ከሆነ፣ ቆንጆ ናት ተብላ የተወደደችው ሴት አንድ ሰው ለደስታው ሲል እንድታጣው ስለፈለገ ብቻ ለምን ትጣው? ትላለች። ይህ የቪቬስ ትምህርት ነው! ከቪቬስ አፍ ወስዳ ለራሷ ተከራከረችበት።

ብራና | ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡30

መምህር ትልቅ ነገር ተናገሩ፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ልቀጥል።

ልዩነቱ «የማን ነው?» የሚለው ላይ ነው። ለፍራይ ሉዊስም ለቲያትሩ ወንድሞችም የሴት ጭምትነት የቤት ንብረት ነው። ሴትየዋ ጠባቂ ናት እንጂ ባለቤት አይደለችም። ማርሴላ ግን «የኔ ነው» አለች። የራሷ ከሆነ ደግሞ ተራራ ላይም ይዛው መውጣት ትችላለች፤ ግድግዳ አያስፈልገውም።

ንብረት ሲሆን ምን እንደሚመጣ የካልዴሮን «የክብሩ ሐኪም» ያሳያል። በ1637 ታተመ። ዶን ጉቲዬሬ ሚስቱን ሜንሲያን ይጠረጥራል። እሷ ምንም አላደረገችም። ድሮ የወደዳት ልዑል ተመልሶ መጥቶባት ነው። ወሬ እንዳይነሳ ብላ ለልዑሉ ደብዳቤ ስትጽፍ ባሏ ይደርስባታል፤ ራሷን ትስታለች። ስትነቃ እሱ ጽፎ የተወላትን ታነባለች። ከነሕይወቴ የማልረሳት ወረቀት ናት፦ «ፍቅር ያመልክሻል፣ ክብር ይጠላሻል፤ አንዱ ይገድልሻል፣ አንዱ ያስጠነቅቅሻል። ሁለት ሰዓት ዕድሜ አለሽ። ክርስቲያን ነሽና ነፍስሽን አድኚ፤ ሕይወትሽስ አይሆንም።»

ከዚያ ዋግምተኛ ያስመጣል። ዓይኑን አስሮ። ደሟ እስኪያልቅ እንዲያፈሳት ያዘዋል። ዋግምተኛው ሲወጣ በደም የተነከረ እጁን በሩ ላይ ያትማል፤ በኋላ ቤቱን ለማወቅ። ንጉሡም ሁሉን ይሰማል። እና ምን ፈረደ? ቀድሞ የተዋትን ሌላ ሴት፣ ሊዮኖርን፣ አግባ አለው። ሊዮኖርም እጁ በደም የታጠበ መሆኑን እየነገራት እሺ ትላለች።

ካልዴሮን ይኼን ሲጽፍ እያጨበጨበ ነው ወይስ እየዘገነነው? እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ያቺን የእጅ አሻራ አይና፣ የሚያጨበጭብ ሰው እንዲህ አይስልም እላለሁ።

ቲያትረኛ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡52

ብራና፣ እሱ ላይ እንጣላለን። መድረክ ላይ መጨረሻው ሠርግ ነው። ሰው አጨብጭቦ ነው የሚወጣው።

ብራና | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡03

ሰው ያጨብጭብ። በሩ ላይ ያለውን ደም ግን ማንም አላጠበውም።

የማድሪዱ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ማድሪድ ነው የምኖረው። «እግሯ ተሰብሮ ቤቷ» የምትለው ተረት ዛሬም ትታወቃለች፤ የሥራ ባልደረቦቼን ጠየቅኳቸው፣ ገና ሳልጨርስላቸው እየሳቁ ጨረሱልኝ። «አያቴ ትለው ነበር» አሉ።

ግን የማወራችሁ ስለ ሌላ ማርሴላ ነው። እውነተኛ ሰው።

እዚህ «የደራስያን ሰፈር» የሚባል አለ። የከተማው ቀልድ ይኸውላችሁ፦ የጸሐፌ ተውኔቱ የሎፔ ዴ ቬጋ ቤት ያለው ሰርቫንቴስ መንገድ ላይ ነው። ሰርቫንቴስ የተቀበረበት የሥላሴ መነኮሳዪያት ገዳም ደግሞ ሎፔ ዴ ቬጋ መንገድ ላይ። በሕይወት ሳሉ አይዋደዱም ነበር።

ሎፔ ከተዋናይቱ ሚካኤላ ዴ ሉሃን የወለዳት ልጅ ነበረችው፤ ማርሴላ። የተወለደችው በ1605፣ ልክ የሰርቫንቴስ ማርሴላ በታተመችበት ዓመት። በ1621 በ16 ዓመቷ እዚህ ገዳም ገባች። በሩ ተዘጋ። ውስጥ ሆና ግጥም ጻፈች፤ መነኮሳዪያቱ ለራሳቸው የሚጫወቷቸው አጫጭር ድራማዎችም ጻፈች። ቀልደኛ ነበረች። አብዛኛውን ጽሑፏን የንስሐ አባቷ አዝዟት አቃጠለችው።

በ1635 አባቷ ሲሞት ማድሪድ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እሷ መውጣት አትችልም። የቀብሩ ሰልፍ መንገድ ቀይሮ በገዳሙ በኩል እንዲያልፍ ለመነች፤ አለፈ። በመስኮቱ ፍርግርግ አየችው። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ ሳላይ አልሄድም። ጡብና ፍርግርግ ብቻ ነው።

እመ_ሁለት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡22

ኧረ በማርያም። አስለቀስከኝ።

ሽሙጥ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡35

እኔ ደግሞ ላስቃችሁ። በ1499 ስለወጣችው ስለ «ሴለስቲና» ለምን ዝም አላችሁ? አቃጣሪዋ አሮጊት! ድንግልና በመርፌና በክር ትጠግናለች። አገልጋዩ ፓርሜኖ እንደሚለው የፈረንሳይ አምባሳደር ሲመጣ አንዷን ልጅ ሦስት ጊዜ በድንግልና ሸጣለታለች። ሦስት ጊዜ! ክብር ይህን ያህል ውድ ሲሆን ጥገና ቤት መከፈቱ አይቀርም።

ብራና | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡58

ሽሙጥ ለአንድ ጊዜ ቁም ነገር ተናገረ። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን ሜሊቤያ ለብቻዋ ስታወራ የምትለው አለ፤ ወንድ ፍቅሩን እንዲናገር ተፈቅዶለት ለሴት ለምን አልተፈቀደም? ትላለች። 16ኛው ክፍለ ዘመን እንኳ ገና አልገባም!

እና ጠይም ብዕር፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። የዶን ኪሆቴ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ያለው «አጉል ጉጉው ሰው» የሚለውን ታሪክ ታስታውሻለሽ? ሎታሪዮ ጓደኛውን ሚስትህን አትፈትናት ብሎ ሲመክረው ሴትን በመስታወት ይመስላታል። የጠራ መስታወት ናት፤ ትንፋሽ ቢነካት ትደበዝዛለች። ምክሩ ጥሩ ነው። ግን በኋላ የሚተነፍስባት ማን ሆነ? ራሱ ሎታሪዮ!

ከዚያ ባሕር ማዶ ሜክሲኮ፣ መነኩሲቷ ሶር ሁዋና ኢኔስ ዴ ላ ክሩስ (በ1695 ሞታለች) ያንኑ መስታወት አነሳች። «እናንተ ጅል ወንዶች» እያለች በምትገሥጽበት ግጥሟ፣ መስታወቱን ራሱ በትንፋሹ አደብዝዞ አልጠራ አለኝ ብሎ የሚያዝን ሰው ምን ይባላል? ትላለች። አንድ መስታወት ነው። ያዢው ሲለወጥ ግን የሚታየው ፊት ሌላ ሆነ።

አሮጌ_መምህር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ሌሊቱን ስለ ፍራይ ሉዊስ ሳስብ አደርኩ። ጠይም ብዕር ስለ «ትከፍታለች» ያነሳሽው እውነት ነው፤ እዚያ ላይ ቃሉን ጠምዝዞታል። ልከራከርለት አልችልም።

ግን አንድ ነገር ጨምሬ ልተወው። በ1588 ሳላማንካ ላይ የአንዲት ሴት ጽሑፎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰብስበው ታተሙ። የአቪላዋ ቴሬሳ። በኋለኛው ዕድሜዋ በሠረገላና በበቅሎ እየተጓዘች ገዳም የመሠረተች ሴት ናት። የጳጳሱ እንደራሴ «አርፋ የማትቀመጥ፣ ዟሪ፣ የማትታዘዝ፣ ግትር» ብሏታል። እሷም በየገጹ «እኔ ደካማ ሴት፣ እኔ ያልተማርኩ» እያለች ትጽፋለች፤ ያንን ብላ ስታበቃ ሊቃውንቱን ታስተምራለች።

እነዚህን ጽሑፎች አርሞ ያሳተመው ማን ነው? ፍራይ ሉዊስ ዴ ሌዮን። የኤሊው ሰውዬ። በመግቢያው ላይ፣ እናት ቴሬሳን በምድር ሳለች አላወቅኋትም፣ አላየኋትምም፤ አሁን ግን በሁለት ሕያው ምስሎች ዘወትር አያታለሁ፤ በልጆቿና በመጻሕፍቷ ይላል።

«ፍጹሟ ባለትዳር» ከወጣ 5 ዓመት ነው። ሐሳቡን ለወጠ አልልም። ግን አነበባት።

ጠይም_ብዕር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡00

መምህር፣ ይኼንን አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

እመ_ሁለት | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30

እኔ አንድ ጥያቄ። ማርሴላ ንጹሕ ስለሆነች ቋጥኝ ላይ ወጥታ ተናገረች። «ያጣችዋ» ሴት ግን ምን ትሆናለች? ለሷ ማን ጎራዴ ይመዝላታል?

ጠይም_ብዕር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡45

ዶሮቴያ! ምዕራፍ 28።

የሀብታም ገበሬ ልጅ ናት። ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ ዘር፣ ወይን፣ ከብት፣ ሒሳብ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በማለዳ፣ ተሸፋፍና ነው፤ ዓይኔ እግሬ ከሚያርፍበት መሬት ሌላ አያይም ነበር ትላለች። መጽሐፉ ያዘዘውን ሁሉ ያደረገች ልጅ። የመኳንንት ልጁ ዶን ፈርናንዶ ግን ሠራተኛዋን ደልሎ ሌሊት መኝታ ቤቷ ገባ። አገባሻለሁ ብሎ ማለላት። ከዚያ ትቷት ሄደ።

ስናገኛት የወንድ ልብስ ለብሳ ወንዝ ዳር እግሯን ስትታጠብ ነው። አያችሁ? መሬት መሬት ስታይ የኖረችው ልጅ፣ መጀመሪያ የምናየው እግሯን ነው።

ጎራዴ የሚመዝላት የለም። በኋላ ማደሪያ ቤት ውስጥ ፈርናንዶ እግር ላይ ወድቃ አልቅሳ፣ ግን ነጥብ በነጥብ ተከራክራ፣ መሐላውን ታስፈጽመዋለች። ማርሴላ ቆማ ተናገረች፤ ዶሮቴያ ተንበርክካ። የትኛዋ ብርቱ እንደሆነች ገና አልወሰንኩም።

እና አንድ ለኛ የሚሆን ነገር። ዶን ኪሆቴን ወደ ቤቱ ለመመለስ ዶሮቴያ የተገፋች ልዕልት ሆና ትተውንለታለች። ሳንቾ ሲያስተዋውቃት ምን ይላል? «የታላቁ የሚኮሚኮን ግዛት ንግሥት፣ ከኢትዮጵያ»!

ሽሙጥ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡49

ዘመዳችን ናት በሉኛ!! ያኔ እኮ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እዚሁ አገራችን ነበር፣ በ1603 ነው የገባው። እሱን ጠይቆ ቢሆን...

የማድሪዱ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡02

አትቸኩል። ሳንቾ ቀጥሎ የሚያስበው ጥቁሮቹን ዜጎች ስፔን አምጥቼ ብሸጣቸውስ የሚለውን ነው። ከኢትዮጵያ የሚያውቀው ይኼንኑ ነው።

አወያይ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

ስለ ፓኤዝ የተጀመረውን በታሪክ ክፍል ቀጥሉበት። እዚህ በርዕሱ እንቆይ።

ብራና | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡15

እመ ሁለት፣ ለጥያቄሽ ሌላም መልስ አለ፤ ከሴት ደራሲ። ማሪያ ዴ ሳያስ፣ 1647። «የተቀጣች ንጽሕት» በሚለው ታሪኳ ዶኛ ኢኔስ ምንም ያላጠፋች ሚስት ናት፤ አስማት ተሠርቶባት ነው። ይኼ ታውቆም እንኳ ባሏ፣ ወንድሟና የወንድሟ ሚስት ግድግዳ ውስጥ ገነቡባት። 6 ዓመት! መቀመጥም መተኛትም በማይቻልበት ጠባብ ቦታ። ምግብ በቀዳዳ። ጎረቤት የሆነች ሴት በግድግዳው በኩል ሲቃዋን ሰምታ ነው የተረፈችው። ስትወጣ ዓይኗ ጠፍቷል።

ካልዴሮን ዘንድ «በቁሜ ተቀበርኩ» ቀልድ ነበር። ሳያስ ቀልዱን ወስዳ ግድግዳ አደረገችው። ዘግናኝ ጸሐፊ ናት፣ አንዳንዴም ታበዛዋለች። ግን ሽታውን ሳይቀር ነው የምትጽፈው።

እመ_ሁለት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡50

ይኼንንስ ልጆቹ ነቅተው ሳሉ ነበር ማንበብ የነበረብኝ። እንቅልፍ የለም ዛሬ።

ጠይም_ብዕር | ዓርብ፣ ከሌሊቱ 9፡20

ፈረቃ ላይ ነኝ። ምዕራፍ 49ን ደግሜ አነበብኩት። ለራሴ ጥያቄ ግማሽ መልስ አገኘሁ መሰለኝ።

ሳንቾ ተረቱን ከተናገረ በኋላ ልጆቹን ቤታቸው ያደርሳቸዋል። ሲገቡ ሁሉም ሰው የተደነቀው በመልካቸው ብቻ አይደለም፤ ዓለምን ለማየት በነበራቸው ጉጉት ነው ይላል፤ በሌሊት፣ ያውም ከመንደራቸው ሳይወጡ። ይኼ የሚሳለቅ ሰው አጻጻፍ ነው፤ ግን በልጅቷ ላይ አይመስለኝም።

ሌላው በመጀመሪያው ንባቤ ያለፈኝ ነገር ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ ወንድሟ ትንሽ ጠጠር አንስቶ መስኮቱ ፍርግርግ ላይ ይወረውራል። ወዲያው አንዲት ሠራተኛ ወርዳ ትከፍትላቸዋለች። እየጠበቀቻቸው ነበር ይላል።

ሌሊቱን ሙሉ ነቅታ። ስሟ እንኳ አልተጻፈም።